ማን ማንን ተሸከመ

ከገደብ ወደ ዲላ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌና አንዲት ነጋዴ ያወራሉ።

«አባባ፣ ዲላ ለሕክምና ነው?»

«ለስብሰባ ነው። የእኛን የቀድሞ ወታደሮችን የጡረታ ጉዳይ የሚያስፈጽም ሰው መንግሥት በጀት ይዞ ይቅጠርልን ልል ነው። ግማሾቻችን መጻፍ አንችልም፣ ግማሾቻችን መመላለስ አንችልም።»

«እርስዎስ የቱ አቃተዎት?»

«እኔ ምስክር ነው ያጣሁት። አብሮህ የዘመተ ሰው አምጣ አሉኝ።»

«በሕይወት የለም?»

«አለ፣ ፍስሐ ገነት ከተማ ይኖራል። ስንቆስል ተሸክሜ ያወጣሁት እኔ ነኝ። እሱ ግን የተሸከምኩህ እኔ ነኝ፣ ይህን ካላመንክ አልመሰክርም አለ።»

«ይመኑለትና ጡረታዎን ይውሰዱ።»

«እሱን የተሸከመው ወገቤ እሺ ካለሽ።»

«እሳቸውስ ጡረታ አገኙ?»

«በምን ምስክር? የእሱ ምስክር እኔ ነኝ።»

«እንግዲያውስ የሚቀጠረው ሰው ማስታረቅም ይልመድ። እሳቸውም ስብሰባው ላይ ይመጣሉ?»

«ጋቢና ያለው እሱ አይደል? እግሩን እንዲዘረጋ ቦታውን ያስያዝኩለት እኔ ነኝ።»

«ጋቢና ማስያዝ መሸከም አይደለም» አሉ ከፊት የተቀመጡት ሰውዬ ሳይዞሩ።

ዲላ መናኸሪያ ስንደርስ፣ ማን ማንን ደግፎ እንደሚያወርድ ሳላይ መውረድ አልፈለግሁም።