ክላሪ ማዶክ ተሰናክሎ አልወደቀም

የምስክሩ ስም፦ ዴዝመንድ ፋሬሊ
ዕድሜ፦ 79
ሥራ፦ ጡረተኛ (ቀድሞ በግ ሸላች)
አድራሻ፦ ዋራንዴል ከተማ፣ ቪክቶሪያ፣ አውስትራሊያ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሰኞ ሜይ 21 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ወደ ጣቢያው መጥቼ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። ወዳጄ ክላሪ ማዶክ ቅዳሜ ዕለት አፍንጫው የተሰበረው ተሰናክሎ ወድቆ እንደሆነ ለፖሊስ የተናገረው ሐሰት ነው። ዝም ካልኩ መቺው በነጻ ይሄዳል ብዬ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ቁጭ ብድግ ስል ውዬ አድሬያለሁ።

ቅዳሜ የማሟያ ምርጫ ስለነበር በትምህርት ቤቱ በር ላይ ለመራጮች ቋሊማ እየጠበስኩ እሸጥ ነበር። እዚያው በር ላይ የየእጩው ደጋፊ የቅስቀሳ ወረቀት ያድላል። ክላሪ የሚያድለው ለገበሬዎቹ ፓርቲ ነው። ከጎኑ የቆመችው ማርጎ የሌላዋ እጩ የሮንዳ ኬሰል ባለቤት ናት። ሮንዳ የከብት ሐኪም ስትሆን፣ ሴት አግብታ እንደምትኖር የማያውቅ በከተማችን የለም። ቋሊማ የሚገዛው ሁሉ ጠጋ ብሎ፣ "እኔስ ግድ የለኝም፣ ሌላው ሰው ነው የማይመርጣት" ይለኛል። እኔም "ያን ሌላ ሰው ካገኘኸው ላክልኝ፣ ሽንኩርት እጨምርለታለሁ" እያልኩ አሾፍ ነበር። ክላሪ ግን ሳይደብቅ፣ "ላሞቼን ታዋልድልኝ እንጂ ፓርላማ ምን ትሠራለች" ብሎኛል።

በእኛ ዘንድ የተቃራኒ ፓርቲ ሰውም ቢሆን ጎረቤቱ ለጥቂት ጊዜ ዞር ሲል ወረቀቱን ይይዝለታል። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ማርጎ ሽንት ቤት ስትሄድ ወረቀቶቿን ለክላሪ ሰጠችው። "አንተ ሽማግሌ፣ የሮንዳ ወረቀት አምሮብሃል" ስለው፣ "ቋሊማህን አገላብጥ፣ እያረረ ነው" አለኝ።

በዚህ መካከል በመልክ የማውቀው ትሬንት ሎክየር ከመኪናው ወረደ። ክላሪ በያዛቸው ወረቀቶች ላይ የሮንዳን ፎቶ ሲያይ ደጋፊዋ መሰለው። በሁለቱ ሴቶች ላይ ልደግመው የማልፈልገውን ስድብ ከተናገረ በኋላ "ያን ቆሻሻ ጣል" አለው። ክላሪ "የእሷ ሰው አይደለሁም" ቢል ይበቃው ነበር። እሱ ግን ወረቀቶቹን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ። ሎክየር በቡጢ መታው። ሮጬ ስደርስ ክላሪ መሬት ላይ ነበር፤ ወረቀቶቹን ግን አልለቀቀም።

ትናንት ቤቱ ሄጄ ለምን እንደዋሸ ጠየቅሁት።

"የእሷን ወረቀት ይዤ ተመታሁ ብል የፓርቲዬ ሰዎች ምን ይሉኛል?" አለኝ።

"ታዲያ ለምን አልጣልከውም?" ስለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ሴትየዋ ገና አልተመለሰችም ነበራ" አለኝ።

ይህ በዓይኔ ያየሁትና በጆሮዬ የሰማሁት ነው። ተነቦልኝ ትክክል ሆኖ ስላገኘሁት ፈርሜያለሁ። ክላሪ ቢቀየመኝም ቃሌን አልለውጥም።

የምስክሩ ፊርማ፦ ዴ. ፋሬሊ
ቃሉን የተቀበለችው ፖሊስ፦ ኮንስታብል ኢሌን ፕራይዲ (ፊርማ)