ጳጉሜን የማያውቀው ኮምፒውተር

በ2007 ዓ.ም. ጳጉሜን 2 ቀን፣ ሰኞ ረፋድ ላይ፣ ጋሼ ሰብሐት መርካቶ ራጉኤል አጠገብ ካለ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ወፍራም መዝገብ በብብታቸው ሸጉጠው ሲወጡ ከሎዛ ጋር ግንባር ለግንባር ተገጣጠሙ። ጋሼ ሰብሐት ከጭድ ተራ ወረድ ብሎ፣ አንድ ፎቅ ላይ፣ የሕክምና ላቦራቶሪ ከፍተው ደም ሲመረምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሎዛ ተማሪ ሳለች እሳቸው ዘንድ ተለማምዳ፣ አሁን በአንድ ሆስፒታል የላቦራቶሪውን መረጃ የምትይዝ ወጣት ባለሙያ ናት። ጆንያ የተሸከመ ሰው "ዞር በሉ!" ብሎ ሁለቱንም ግድግዳ ካስያዛቸው በኋላ ሰላምታው እንደ ወጉ ረዘመ።

"ጋሼ፣ ይሄን የሚያህል መዝገብ ለምንድን ነው? ኮምፒውተሩ ተበላሸ እንዴ?"

"ሟርትሽን ለራስሽ! እንደ ብረት ነው። ጳጉሜን ስለገባች ነው እንጂ። የኛ ኮምፒውተር ጳጉሜን አያውቅም።"

ሎዛ የቀለዱ መስሏት ሳቀች። ጋሼ አልሳቁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1993 ዓ.ም. የምርመራ ውጤት የሚመዘገብበትን ፕሮግራም በፍቃዱ የሚባል ጎበዝ ልጅ ሠራላቸው። ቀኑን በኛ አቆጣጠር አደረገላቸው፤ ወሩን ግን አሥራ ሁለት ብቻ አድርጎ ጻፈው። ምን ይፈረድበታል? ደመወዝስ የሚከፈለው አሥራ ሁለት ጊዜ አይደል! ጳጉሜን ስትመጣ ማሽኑ እምቢ አለ፤ ልጁን ቢፈልጉት አገር ለቋል። ከዚያ ወዲህ ጳጉሜን በገባች ቁጥር መዝገብ ይገዛል፣ ውጤት በእጅ ይጻፋል፣ መስከረም ሲጠባ መዝገቡ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ልማድ ሆነ። ጉድለት ልማድ ሲሆን ደግሞ ሰው ያፍርበታል እንዳትሉ፤ ይኮራበታል።

"ታዲያ ጋሼ፣ የሚቀየርበት ጊዜ አልደረሰም?" አለች ሎዛ አብራቸው እየተራመደች።

"ለምን ተብሎ? ይሠራል እኮ። ሲበላሽ እቀይረዋለሁ።"

"ሲበላሽማ ውስጡ ያለው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?"

"ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላልም ይባላል! አዲሱን የሚሸጡልኝ ልጆች ነገ ስልካቸውን ቢያጠፉስ? መብራት ሲሄድስ? የአሥራ አራት ዓመት ውጤት ሲያዛውሩት ቢጠፋስ? የሰው ደም ነው ልጄ፣ የሸማ ተራ ጣቃ አይደለም።"

ይህ የግትር ሰው ንግግር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ፍርሃታቸው እውነት ነበረበት። ሎዛም ጨዋ ልጅ ናትና አላጣጣለችባቸውም።

"ልክ ነዎት። የቆየ ሁሉ ያረጀ አይደለም፤ እኛ ሆስፒታልም ቸኩለን ቀይረን ሁለት ሳምንት አልቅሰናል። እኔ የምጠይቀው ዕድሜውን አይደለም። ማሽኑ እናንተን ያገለግላል ወይስ እናንተ ማሽኑን? የምትፈልጉትን ስትጠይቁት ይመልሳል ወይ? ቢታመም የሚያክመው ሰው አለ ወይ?"

"አሁን ምን ጠይቄው ነው ያልመለሰልኝ?" አሉ ጋሼ፣ የላቦራቶሪውን ደረጃ እያለከለኩ እየወጡ። እልህ ይዟቸዋል።

ላቦራቶሪው ገብተው ተቀመጡ። ሎዛ ነጠላዋን አስተካክላ፣ "እንግዲያው በየዓመቱ የሚመረመር አንድ ሰው ይጥሩልኝ፤ የፈለጉትን" አለች።

"የቅርቤን ልጥራልሽ። ባለቤቴ በለጥሻቸው።"

ወይዘሮ በለጥሻቸው እህል በረንዳ ጤፍ የሚነግዱ፣ ድምፃቸው ከሦስት መጋዘን ወዲያ የሚሰማ ሴት ናቸው። "ጤናዬን ሳላውቅ ዓመት አልሻገርም" ይሉና ጳጉሜን በመጣች ቁጥር ክንዳቸውን ለባላቸው ይዘረጋሉ። ዛሬም ጠዋት ዘርግተው፣ መርፌዋ አሳመመችኝ ብለው ባላቸውን ሰድበው ሄደዋል።

"የዛሬ ሦስት ዓመት ኩላሊታቸው እንዴት ነበር?"

"ደህና ነበር።"

"ቁጥሩ ስንት ነበር ጋሼ?"

"ደህና ነበር አልኩሽ እኮ! ራሴ አይደለሁ የፈረምኩት?"

"ኮምፒውተሩን ይጠይቁልኛ።"

ጋሼ እጃቸውን ወደ ማሽኑ ሰደዱና መለሱት። ለካ ጳጉሜን ነው! ሚስታቸው ከጳጉሜን በቀር በሌላ ወር ተመርምረው አያውቁም። የመርካቶ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው በለጥሻቸው በባላቸው ማሽን ዘንድ አልተወለዱም።

"መዝገቦቹን እናውርድ" አለች ሎዛ ቀስ ብላ።

ወይዘሮ በለጥሻቸው መመርመር የጀመሩት በ2001 ነውና ስድስት መዝገብ ወረደ፤ አቧራው አስነጠሳቸው። ስድስቱን በጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸውና ክሬአቲኒን የሚለውን መስመር በጣቷ ተከተለች። ክሬአቲኒን ኩላሊት አጣርታ ልታስወጣው የሚገባ ቆሻሻ ነው፤ በደም ውስጥ ሲበዛ ኩላሊት መድከሟን ይናገራል። ከ2001 ጀምራ የየዓመቱን ጮክ ብላ አነበበች፦ ዜሮ ነጥብ አምስት፤ ዜሮ ነጥብ ስድስት፤ ሰባት፤ ስምንት፤ ዘጠኝ፤ አምና አንድ ነጥብ ዜሮ። በየቁጥሩ አጠገብ በጋሼ ሰብሐት ውብ የእጅ ጽሕፈት "ደህና" የሚል አለ።

በዚህ መሀል ባለሙያዋ ሐጀራ የዛሬውን ይዛ ከውስጥ ብቅ አለች። "ጋሼ፣ የእትዬ ደርሷል። አንድ ነጥብ አንድ። ከወሰኑ አላለፈም፣ ደህና ነው።"

ሎዛ ቁጥሩን ከስድስቱ ቀጥላ ጻፈችው።

ጋሼ ሰብሐት በማይክሮስኮፕ አንዲት የደም ጠብታ ባዩ ቁጥር እስከ ዛሬ "አቤት ያንተ ሥራ!" ማለት ያልተዉ ሰው ናቸው። ይህ ግን ከዚያ ሁሉ የበለጠ ነበር። ያችው ክንድ፣ ያው ደም፣ ዓመት ጠብቆ አንድ አንድ ቃል ሲነግራቸው ኖሯል፤ እሳቸው የዘንድሮውን ሲሰሙ የአምናውን እየረሱ፣ ዓረፍተ ነገሩን አንድም ቀን አልሰሙትም። ሰባቱም ቁጥሮች ለየብቻቸው ደህና ናቸው። አንድ ላይ ሲቆሙ ግን ከእጥፍ በላይ ሆነዋል። ጋሼ ከወንበራቸው ተነሥተው አለቀሱ።

"ሰው እንዲህ ተጽፎ ይነበባል?" አሉ። "ወይ ጉድ! ሎዛዬ፣ እኔ እኮ ስድስት ጊዜ ፈርሜያለሁ።"

"የእርስዎ ጥፋት አይደለም ጋሼ። ማሽኑ የሚያሳየው የቀን የቀኑን ነው፤ ጳጉሜን ደግሞ ጭራሽ የለችውም። አዲሱ የአንድን ሰው የዓመታት ውጤት በአንድ መስመር ስሎ ያወጣል፤ ሲጨምርም ራሱ ይጮኻል።"

በማግስቱ ሐኪም ወይዘሮ በለጥሻቸውን አያቸው። ደም ግፊት ተገኘ፤ ለጉልበታቸው በየቀኑ የሚውጡት የሕመም ማስታገሻም ኩላሊታቸውን ሲጎዳ ኖሯል። ማስታገሻው ቀረ፣ የግፊት መድኃኒት ተጀመረ፣ ጨው ተቀነሰ። "በጊዜ ነው የመጣችሁት" አለ ሐኪሙ። "እስኪታመሙ ብትጠብቁ ኖሮ ወሬያችን ሌላ ነበር።"

ጋሼ ይቺን "እስኪታመሙ" ያላትን ቃል ይዘው ሎዛ ዘንድ ሄዱ። "ሲበላሽ እቀይረዋለሁ ያልኩሽን ሰርዥው" አሏት። እንዴት ይቀየር የሚለውንም ተመካክረው በወጉ አደረጉት። የበዓሉ ግርግር እስኪያልፍ ቆዩ፤ በቅድሚያ የአሥራ አራቱ ዓመት ውጤት ተገልብጦ በሁለት ቦታ ተቀመጠ፤ ሥራው በአንድ ልጅ ጭንቅላት እንዳይቀር ከድርጅት ጋር ውል ተፈረመ፤ መረጃው የላቦራቶሪው መሆኑም በውሉ ተጻፈ። ለመብራቱ ባትሪ ተገዛ። ጥቅምትንና ኅዳርን አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ሠሩ፤ ውጤታቸው ሲገጥም አሮጌው በክብር ጡረታ ወጣ። ዛሬ ከስልጤም ሆነ ከወለጋ መጥቶ ጆንያ የሚሸከም ሰው በዓመቱ ቢመለስ፣ የአምና ደሙ ከዘንድሮው ጋር ይነጻጸርለታል። ሥርዓት የሚቀየረው ሲሞት አይደለም፤ ሰው ማየት ያለበትን መደበቅ የጀመረ ዕለት ነው።

አዲሱ ሥራ በጀመረ ቀን ሐጀራ የጳጉሜን መዝገቦችን ታቅፋ መጣች። "ጋሼ፣ እርስዎ ይረፉ፤ የእትዬን እኔ ላስገባው።"

"ተይው ልጄ" አሉ ጋሼ መነጽራቸውን እየጠረጉ። "በእጄ የደበቅሁትን በእጄ ላውጣው።"

ከዚያም የሚስታቸውን ስም ከነአባታቸው ጽፈው፣ ከ2001 ጀመሩ።