ከገና አያልፍም ያልኩት እኔ ነበርኩ

ክቡራትና ክቡራን፣ ኮች ሃስኬት፣ ወንበር አጥታችሁ ግድግዳ የተደገፋችሁም ጭምር!

ለመሰናበቻዬ ይህን ሁሉ ዶሮ ጥብስና ኬክ ላሰናዳችሁልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የላብ ማሊያችሁን ያጠብኩ ሴት ነኝ፤ ዛሬ ሁላችሁም ታጥባችሁ ስለመጣችሁ ደግሞ ልዩ ምስጋና አለኝ።

አሁን አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። ከስድስት ዓመት በፊት ኮች ሃስኬት ከኮሌጅ ቡድን ሲመጣ ከተማው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ ኮሌጅ ውስጥ ዋንጫ የበላ ሰው በፕሮፌሽናል የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ይሆንለታል ወይ? እኔ ትጥቅ ክፍል ቆሜ ሄልሜት እየወለወልኩ «ከገና አያልፍም!» አልኩ።

እንዴት አልል? ገና በመጀመሪያው ቀን ፊሽካውን ነፋና «ስልካችሁን እዚህ ሣጥን ውስጥ!» አለ። ኳስ ወርዋሪያችንን ከተጋጣሚ የሚከላከለው ማርሴለስ፣ ያኔ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው፣ እጁን አወጣ።

«ኮች፣ የገዛ ልጄ እንኳ ስልኳን አትሰጠኝም፤ እኔ ላንተ ልስጥ?»

መልበሻ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኮች ብቻ አልሳቀም።

ከዚያ አምስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፍን። ከአምስተኛው በኋላ መጥቶ የቆሻሻ ልብስ ቅርጫቴ ላይ ዘፍ አለ።

«ሎሬይን፣ ኮሌጅ ስናገር ይሰሙኝ ነበር። እዚህ ምን ነካኝ?»

«እዚያ ልጆች ነበሩ። እነዚህን የሚያውቁትን ጠይቀሃቸው ታውቃለህ?»

ተነስቶ ወጣ። እኔ በቃ፣ ተባረርኩ ብዬ ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርኩ!

በማግስቱ ግን የሰሌዳውን እስክሪብቶ ለማርሴለስ ሰጠው። «ተጋጣሚዎች ወርዋሪያችንን የሚጥሉት በየት ገብተው ነው? አሳየኝ» አለው። ማርሴለስ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲስል፣ ኮች ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ደብተሩ ላይ ይጽፍ ነበር። በዚያ እሑድ አሸነፍን። የዚያን ዓመት ብዙም አላማረልንም፤ በሦስተኛው ዓመት ግን ለግማሽ ፍጻሜ ደረስን። ማርሴለስም ይኸው ዛሬ ምክትሉ ሆኖ ኬኬን እየጨረሰ ነው።

እና ይሆንለታል ወይ? ሆነለት። ተሳስቼ እንደዚህ የተደሰትኩበት ቀን የለም።

እኔ ጉልበቴ እምቢ ስላለኝ ዱሉት ከተማ፣ እህቴ ጋ ልገባ ነው። ሰኞ በርናዴት ቦታዬን ትረከባለች። ብዙ አትናገርም፤ እናንተው በሯን አንኳኩ፣ ጠይቋት።

ጤናና ፍቅር አይለያችሁ። ከሜዳ ሁልጊዜ በእግራችሁ ተራምዳችሁ ውጡ። አርጅታችሁም የልጅ ልጆቻችሁን በሁለት እጃችሁ፣ ምንም ሳያማችሁ፣ ከፍ አድርጋችሁ አንሷቸው።