ሁሉን አስቀምጠው የሚቀመጡት አጋፋሪ፤ የአቶ ኪዳኔ ደረሰ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ከአፕል ቫሊና ከኢገን፣ ከዌስት ሴንት ፖልም ሆነ ከሩቅ ስቴት፣ ፈረቃችሁን ለጓደኛ ሰጥታችሁ ለዚህ ሰዓት የደረሳችሁ ወዳጆች፤ እኔ የሟች የባለቤታቸው ወንድም ክፍሌ ስሆን፣ ይህን ዜና ሕይወት እንዳነብ ያዘዙኝ ራሳቸው አቶ ኪዳኔ ናቸው። ሲያዙኝም «አደራህን፣ እንደ መብራት ሒሳብ ቢል አታንብበው፤ ሰው ይንቃ» ስላሉኝ፣ ድምፄ ለለቅሶ ቤት ከሚገባው በላይ ከፍ ቢል ጥፋቱ የእኔ አለመሆኑን እንድታውቁልኝ እለምናለሁ።

አቶ ኪዳኔ ከአባታቸው ከአቶ ደረሰ ወልዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ይመኑ በጥቅምት ወር 1943 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በአዘቦት ቀን ችሎት ፊት ቆመው ስለ ሰው የሚሟገቱ ነገረ ፈጅ ነበሩ፤ ሰርግና ድግስ ሲሆን ደግሞ ከዳሱ ደጃፍ ቆመው እንግዳውን በየማዕረጉ የሚያስቀምጡ፣ ያልደረሰውን የሚያስደርሱ፣ ራሳቸው ግን የመጨረሻው እንግዳ ሳይጠግብ ቁጭ የማይሉ አጋፋሪ ነበሩ። አቶ ኪዳኔ ከእኒህ አባት ሁለት ነገር ወረሱ፤ አንደኛው ምላስ ነው፣ ሁለተኛውም ሌላው ሰው መብላቱን ሳያረጋግጡ አለመቀመጥ ነው።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ አጠናቅቀው መምህራን ማሠልጠኛ በገቡ ጊዜ፣ አንድ የውጭ አገር አስተማሪ በግቢው ባሕር ዛፍ ላይ የብረት ቀለበት ሰቅለው ቅርጫት ኳስ ማስተማር ጀምረው ኖሮ፣ እርሳቸውም ገብተው ተሰለፉ። ቁመታቸው ለቅርጫት ኳስ ቀርቶ ከመደርደሪያ ዕቃ ለማውረድም የሚያስተማምን እንዳልነበረ እዚህ ያላችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ። አስተማሪው ግን ኳሱን ይዞ ሜዳውን የሚያሻግር፣ ማን የት እንደቆመ አይቶ ለሚገባው የሚያቀብል አንድ ሰው በየቡድኑ እንደሚያስፈልግና በአሜሪካ ፖይንት ጋርድ እንደሚባል በነገሯቸው ጊዜ፣ «ይህማ የአባቴ ሥራ ነው፤ አጋፋሪ ማለት አይደል!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ፖይንት ጋርድን በሌላ ስም ጠርተውት አያውቁም።

በሠለጠኑበት ሙያ ናዝሬት ከተማ በስፖርት መምህርነት ሲያገለግሉ ከእኅቴ ከወይዘሮ ገነት ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው የመጀመሪያ ልጃቸውን አክሊልን ወለዱ። በጊዜው በነበረው ችግር በሱዳን በኩል ወጥተው፣ ክረምቱ እንዴት ያለ እንደሆነ ማንም ሳያስጠነቅቃቸው ሚኒሶታ ገቡ፤ በሴንት ፖልም ሩሐማን ወለዱ። በኤርፖርት መንገደኛውን ከመኪና ማቆሚያ ወደ ተርሚናል በሚያመላልሰው አውቶቡስ ላይ በሹፌርነት ሲሠሩ፣ አሮጊት እስክትቀመጥ ሳይነሡ፣ የሰው ሻንጣ ራሳቸው እየጫኑ፣ ሱፐርቫይዘራቸው «ኪዳኔ፣ ሰዓት!» እያለ ሲወቅሳቸው፣ እርሳቸው እየሳቁ ያው አጋፋሪ ሆነው ኖሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ አንዳንዶቻችሁ ይህን ስትጠብቁ እንደቆያችሁ ከፊታችሁ አያለሁና።

የፕሮፌሽናል ቡድኖች ከኮሌጅ ተጫዋቾች መካከል በየተራ የሚመርጡበት ድራፍት የተባለው ሌሊት በየዓመቱ ሰኔ ላይ ይውላል። የኮሌጆቹ ውድድር መጋቢት ላይ ካበቃበት ጊዜ አንሥቶ እስከዚያ ሌሊት ድረስ፣ የትኛው አጋፋሪ ቀድሞ መመረጥ ይገባዋል የሚለው ክርክር በአፕል ቫሊ ቤታቸው ቤዝመንት፣ በምድር ቤቱ ውስጥ በየቅዳሜው ይካሄድ ነበር። ክርክር ስል እንደ ቴሌቪዥኑ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚጮህበት አይደለም። አቶ ኪዳኔ ያቋቋሙት በአባታቸው ሥርዓት፣ በበላ ልበልሃ ነው። በአገር ቤት የወረዳ ዳኛ የነበሩት አቶ እሸቴ በብቸኛው ባለመደገፊያ ወንበር ይሰየማሉ፤ ተሟጋቾቹ ነጠላቸውን አደግድገው ይቆማሉ፤ ዋስ ይጠራሉ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው አፉን ይይዛል። የተረታ ወገን ሐምሌ ላይ በሚደረገው የአገር ልጆች ማኅበራችን ፒክኒክ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ያስተናግዳል። ዋነኛው ባላንጣቸው የነቀምቱ ተወላጅ አቶ መርጋ ነበሩ፤ እርሳቸውም ነጥብ የማያስቆጥር ተጫዋች በሬ ሆኖ የማያርስ ማለት ነው ብለው የሚያምኑ፣ ሲናደዱ ኦሮምኛና አማርኛው የሚደባለቅባቸው፣ ሲያሸንፉ ደግሞ ለአንድ ሳምንት ስልክ እየደወሉ የሚስቁ ሰው ናቸው።

የችሎቱ ብርቱ ሕግ ክርክሩ በአማርኛ ብቻ እንዲሆን የሚያዘው ነበር፤ የእንግሊዝኛ ቃል ያመለጠው ተራው ያልፍበታል። ስለዚህም ለጨዋታው ሁሉ ስም ወጣለት። ከቀለበት የተመለሰውን ኳስ መያዝ ለቀማ ተባለ፤ ኳስ ለተቃራኒ መስጠት ማፍሰስ ተባለ፤ ጓደኛን ነጥብ እንዲያስቆጥር አድርጎ ማቀበል ደግሞ ጉርሻ ተባለ። ብዙዎቻችን ሕጉ ለጨዋታ የወጣ ይመስለን ነበር። እርሳቸው ግን አንድ ቀን በመኪና አብረን ስንሄድ ምክንያቱን ነገሩኝ። ሩሐማ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናትና አባቷ በአማርኛ የጠየቋትን ሁሉ በእንግሊዝኛ ትመልስ ነበር፤ ያውም በአጭሩ። «ልጄ ስለ ትምህርቷ ‹ፋይን›፣ ስለ ውሎዋም ‹ፋይን› ትለኛለች፤ ኳስ ሲሆን ግን ከክፍሏ ወጥታ ትሰማለች። እስክትመጣ በሩን ከፍቼ እጠብቃለሁ» አሉኝ። የልባቸው ነገር ይህ ነበር፤ ልጃቸው አንድ ቀን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው፣ ከልቧ፣ የሚሉትን ሰምታ እንድትመልስላቸው።

እርሷም መጣች። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለች አባቷ ስለ አንድ ልጅ ሲያወድሱ ደረጃው ላይ ሆና ሰምታ፣ «ዳዲ፣ ሂ ካንት ሹት!» ብላ ጮኸች፤ መወርወር አይችልም ማለቷ ነው። አቶ እሸቴም መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ ችሎቱ የቀረበለትን አቤቱታ ለመስማት ቋንቋው እንደማይፈቅድለት አስታወቁ። ተቆጥታ ሄደች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሳ፣ ነጠላ ለብሳ፣ «አይወረውርም። ያፈሳል። አበቃሁ» ብላ ተቀመጠች። እልልታው ከቤዝመንት አልፎ ጎረቤት ደረሰ፤ አቶ ኪዳኔ ግን እያለቀሱ ስለነበር መልስ ሳይሰጡ ተራቸው አለፈባቸው።

ከዚያ በኋላ ዕረፍት አላገኙም! አቶ መርጋ ልጅቱን በነገረ ፈጅነት ቀጥረው ያዙ። እንግዲህ በየዓመቱ አቶ ኪዳኔ አዛኝ፣ አስተዋይ፣ አጉራሽ የሆነ አጋፋሪ ይዘው ሲቀርቡ፣ ሩሐማ ዘሎ የሚያስቆጥረውን ይዛ ትቀርባለች፤ «በይ ልበልሽ» ይሏታል፤ «በል ልበልህ» ትላቸዋለች፤ ድራፍቱ ሲመጣ እርሷ ያለችው ቀድሞ ይመረጣል። አባትም በፒክኒኩ ላይ ሽርጥ ታጥቀው፣ ሳህን ይዘው እየዞሩ፣ ለምን እንደሚያስተናግዱ ላልጠየቃቸው ሰው ሁሉ «ልጄ ረትታኝ ነው!» ይሉ ነበር። ደስታቸው የእውነት ነበር። ቢሆንም አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልጃቸውን አሳምነው ማየት ይመኙ እንደነበር እኅቴም እኔም እናውቃለን፤ ሙግት ለማሸነፍ ሳይሆን እርሳቸው የሚያዩትን እርሷም እንድታይላቸው ነው።

ያለፈው መስከረም ላይ የጣፊያ ካንሰር እንዳለባቸው ተነገራቸው። ሕክምናውን በትዕግሥት ተከታተሉ፤ ሐኪሞቻቸውንም ስለ አጋፋሪዎች አስተማሩ። በዚያ ወራት በሰሜን ዊስኮንሲን ባለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ የሚጫወት፣ ማንም የማያውቀው፣ ቁመቱ ለእርሳቸው የሚቀርብ ኦልሰን የሚባል ልጅ አግኝተው ነበርና፣ የካቲት ላይ በበረዶ ውስጥ ካልሄድኩ ብለው ቤቱን አወኩት። መንዳት ስላልቻሉ ሩሐማ ድራይቭ አደረገች፤ እኔም ኋላ ወንበር ላይ ሆኜ እየጸለይኩ ሄድኩ። በጨዋታው ውስጥ አንድ ረጅም፣ እጁ የማይታዘዝለት ልጅ ኳስ በያዘ ቁጥር ስለሚስት ሕዝቡ ይስቅበት ነበር። ኦልሰን ግን ሌላ ክፍት ሰው እያለ ለዚያው ልጅ መልሶ መልሶ ሰጠው፤ በመጨረሻ ልጁ አስቆጠረ። አቶ ኪዳኔ በዚያ ሁሉ ፈረንጅ መካከል ብድግ ብለው፣ ካፖርታቸው ወድቆ፣ «አጎረሰው! አጎረሰው!» እያሉ ሲጮኹ አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አያቸው። ሩሐማ በእፍረት አንገቷን ደፋች። ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ሲከራከሩ መጡ፤ እርሷ ልጁ አራት ጊዜ ብቻ መወርወሩን፣ እርሳቸው ደግሞ ማን እንደወረወረ ሳይሆን ማን እንደበላ መታየት እንዳለበት እየተናገሩ።

ባለፈው ቅዳሜ የመጨረሻው ችሎት በአልጋቸው አጠገብ ተሰየመ። አቶ መርጋና ሩሐማ ማክኔር የተባለውን፣ በትልቅ ዩኒቨርሲቲ ስሙ የገነነውን አስቆጣሪ ይዘው ቀረቡ፤ አቶ ኪዳኔ ኦልሰን በድራፍቱ ከሚጠሩት ስድሳ ተመራጮች አንዱ መሆን ይገባዋል ብለው ቀረቡ። ሁለት ዐረፍተ ነገር እንደተናገሩ ግን ድምፃቸው ተቋረጠ። በሥርዓቱ መሠረት መናገር የተሳነው ባለጉዳይ ነገረ ፈጅ ይሾማል። እኔን ትኩር ብለው አዩኝ፤ እኔም ነጠላዬን ማደግደግ ጀመርኩ። እጃቸውን ሲያነሡ ግን ጣታቸው የጠቆመው ልጃቸውን ነበር። ሳያዩ ማቀበል ማለት ይህ ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን ሲያስተምሩን ኖረው በመጨረሻ እኔኑ አታለሉበት!

አቶ መርጋ «እሷማ የእኔ ጠበቃ ናት!» ብለው ተነሡ። ሩሐማ ከእርሳቸው ጎን ተነሥታ በአባቷ ራስጌ ቆመች። አንድም የእንግሊዝኛ ቃል ሳታስገባ እንዲህ አለች፦ «የተከበሩ ዳኛ፣ የካቲት ላይ እኔ የማየው የነጥብ ሰሌዳውን ነበር፤ አባቴ የሚያየው ልጆቹን ነበር። ያ ረጅሙ ልጅ ኳሱን ይፈራው ነበር። ኦልሰን ፍርሃቱን አይቶ ነው የሰጠው፤ እስኪበላ አጎረሰው። ማክኔርን ማንም ያየዋል። ኦልሰን ያለበት ቡድን ውስጥ ግን ሳይበላ የሚነሣ ሰው የለም። እኔ በዚህ ቤት ሳልበላ ተነሥቼ አላውቅም፤ ስለዚህ አውቀዋለሁ።»

ወይዘሮ ገነት አለቀሱ። አቶ መርጋ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ በኦሮምኛ አምላክን ጠርተው፣ «ያ ዋቅ! ያሠለጠንኳትን በራሴ ላይ አዞሯት!» አሉ። አቶ እሸቴ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ግራ ቀኙን የሰማ ችሎት ውሳኔውን ድራፍቱ ለሚውልበት ለሐሙስ ሰኔ 21 ቀን ቀጥሯል ቢሉ፣ አቶ ኪዳኔ በጠፋ ድምፃቸው «እሸቴ፣ እዚህም ቀጠሮ!» ብለው ሳቁ፤ የልጃቸውንም እጅ ይዘው አልለቀቁም። ከዚያ ማታ ጀምሮ አባትና ልጅ የተነጋገሩት ሁሉ በአማርኛ ነበር፤ ምን እንደተባባሉ አላውቅም፣ ሳቃቸው ግን ሳሎን ድረስ ይሰማ ነበር።

አቶ ኪዳኔ ረቡዕ ሰኔ 13 ቀን 1999 ዓ.ም. ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ባሉበት በተወለዱ በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ። በማግሥቱ አቶ መርጋ ለቅሶ ቤት መጥተው፣ ስለ ወንድማቸው ክብር ሲሉ ክሳቸውን ለማንሣት እንዲፈቀድላቸውና ድሉ ለሟች እንዲሆን አቶ እሸቴን ጠየቁ። ሩሐማ ግን ከእናቷ ጎን ብድግ ብላ፣ አባቷ በይሉኝታ ማሸነፍ እንደማይወዱ፣ ሙግት ደግሞ በአባት ሞት የማይቋረጥና ለልጅ የሚተላለፍ መሆኑን ተናግራ ጥያቄውን ውድቅ አስደረገች። አቶ መርጋም እያለቀሱ እጅ ነሧት። ስለዚህ በመጪው ሐሙስ ማታ ለቅሶ ለመድረስ የምትመጡ ሁሉ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ ብታገኙት አትደንግጡ፤ ችሎት ነው። ኦልሰን ካልተጠራ ሐምሌ ላይ ሽርጥ ታጥቃ የምታስተናግደን ሩሐማ ናት፤ እርሷም ሽርጡ የት እንደተሰቀለ አውቃለሁ ብላለች።

አቶ ኪዳኔ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ገነትን፣ ልጆቻቸውን አክሊልንና ሩሐማን፣ ከአክሊል ያዩትን አንድ የልጅ ልጅ፣ በደብረ ብርሃን ያሉ እኅቶቻቸውን፣ አንድ ታማኝ ባላንጣ፣ አንድ ቀጠሮ አብዢ ዳኛ፣ እንዲሁም በአውቶቡሳቸው ላይ ሻንጣቸውን ያነሡላቸውና ስማቸውን ሳያውቁ የሄዱ ብዙ መንገደኞችን ትተው አልፈዋል።

የሠራዊት ጌታ እግዚአብሔር ለባለቤታቸው ብርታትን፣ ለልጆቻቸው መጽናናትን፣ ለእኛም ዝም ብሎ የመስማትን ጸጋ ይስጠን። እርሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ከደጃፍ ቆመው ሰው ሲያስቀምጡ ኖረዋልና፣ በማያልቀው ግብዣ ዛሬ ጌታ ራሱ ወጥቶ ይቀበላቸው፤ ከአባታቸው ከአቶ ደረሰ ጎን፣ ከቅዱሳን መካከል ነፍሳቸውን ያሳርፍልን። አንድ ጊዜ እንኳ ቀድመው ይቀመጡ። አሜን።