ሽማግሌ የሚገባበት ቤት

አዲስ አበባ፣ ፒያሳ፣ በጃንሆይ ዘመን፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ የአሜሪካ የዘፈን ፊልም አይተው የወጡት ሁለቱ እጮኛሞች፣ በልጅነቷ ከእናቷ ጋር ተሰዳ የመጣችው አርመናዊት ልብስ ሰፊ ሲራኑሽና የፊታውራሪ ልጅ ደምሰው፣ ሲኒማ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመው ይከራከራሉ።

ደምሰው፦ ይሄን ሳምንት ብቻ ነው የለመንኩሽ። ልብስሽን ያዢና ዛሬውኑ አሠሪሽ ጋ፣ ማዳም ካቲና ቤት ግቢ። ሐሙስ ሽማግሌዎቹ መጥተው ከሄዱ በኋላ ወደ ቤትሽ ትመለሻለሽ።

ሲራኑሽ፦ ቆይ፣ መጀመሪያ ትንሽ አየር ልሳብ። ፊልሙ አቅለሽልሾኛል።

ደምሰው፦ ይሄ ፊልም? ሰው ሁሉ እንባውን እየጠረገ ነው የወጣው። እኔ ራሴ አልቅሻለሁ።

ሲራኑሽ፦ አይቼሃለሁ። ስታለቅስም አይቼሃለሁ፣ ስትስቅም አይቼሃለሁ። ያቅለሸለሸኝ የሳቅክበት ቦታ ነው።

ደምሰው፦ የቱ ጋ?

ሲራኑሽ፦ ልጅቷ በውሰት ቀሚስ አጊጣ ከሀብታሞቹ ጋር ስትደንስ፣ እናቷ መጠጥ ተሸክማ ትገባለች። "ይቺ ደግሞ ማናት?" ብለው ልጅቷን ሲጠይቋት "ሠራተኛችን ናት" አለች። እዚያ ጋ ከት ብለህ ሳቅክ።

ደምሰው፦ እናትየዋም እኮ ስቃለች። እንዲያውም እየዘፈነች ነው ወደ ጓዳ የተመለሰችው።

ሲራኑሽ፦ የዘገነነኝ እሱ ነው። ልጇ በሰው ፊት ስትክዳት እየዘፈነች ወደ ጓዳ የምትገባ እናት የት አገር ነው ያለችው?

ደምሰው፦ ዘፈን ነው፣ ሲራኑሽ። አሜሪካኖች እንደዚህ ናቸው፤ ሲርባቸውም ይዘፍናሉ፣ ሲዋደዱም ይዘፍናሉ። አንቺ መጨረሻውን ተመልከቺ። ከመርከብ የወረደች ልብስ አጣቢ የባለ ፋብሪካውን ልጅ አገባች። ያንቺ ታሪክ መስሎኝ፣ ደስ ይላታል ብዬ ነው ይዤሽ የገባሁት።

ሲራኑሽ፦ የኔ ታሪክ? የልጅቷን እጅ አይተኸዋል? ቀኑን ሙሉ ልብስ ስታጥብ ውላ እጇ የሙሽራ እጅ ይመስላል። የኔ እናት የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ አንድ ቀን ዘፍና አታውቅም። የካውያው ከሰል ያስላታል።

ደምሰው፦ እሺ፣ ፊልሙን ተይው። የማዳምን ነገር መልሺልኝ።

ሲራኑሽ፦ ሽማግሌ የሚላከው ወደ ልጅቷ ወላጆች ቤት ነው። ይሄንን ያስረዳኸኝ አንተ ራስህ ነህ።

ደምሰው፦ የእናትሽ ቤት አንዲት ክፍል ናት። የሰው ሸሚዝ ገመድ ላይ ተሰቅሎ፣ ካውያው እየጨሰ፣ ቀኛዝማችን የት ላስቀምጣቸው? የንስሐ አባታችንስ?

ሲራኑሽ፦ አንተ የምትቀመጥበት ላይ። ዓርብ ዓርብ ስትመጣ መቀመጫ አጥተህ ታውቃለህ?

ደምሰው፦ እኔ ሌላ ነኝ።

ሲራኑሽ፦ አዎ፣ አንተ እናቴ የምትሠራውን ዶልማ መብላት ትወዳለህ።

ደምሰው፦ አታሹፊብኝ። ማዳም ካቲና እንደ አክስትሽ ሆና ትቀበላቸዋለች። ቪላዋን ታውቂዋለሽ። ሳሎኑን እንኳ አሰናድታ ጨርሳለች።

ሲራኑሽ፦ አሰናድታ ጨርሳለች? እኔ ገና አሁን የሰማሁትን እሷ መቼ ሰማች?

ደምሰው፦ ባለፈው ሳምንት አነጋገርኳት። ደስታዋን ብታዪ። ይሄንን ፊልም እንድናይ የመከረችኝም እሷ ናት።

ሲራኑሽ፦ ለካ ለዚህ ነው ሳምንቱን ሙሉ "ልጄ፣ ልጄ" ስትለኝ የሰነበተችው። ሌላ ጊዜ "አንቺ አርመን፣ እጅሽን አፍጥኚ" ነው የምትለኝ። አሁን እኔ ልብሷን የምሰፋላት ሠራተኛ ሳልሆን የእህቷ ልጅ ልሆን ነዋ።

ደምሰው፦ ለአንድ ቀን ብቻ። ላንቺ ብላ ነው።

ሲራኑሽ፦ እናቴስ? እኔ አክስት ካገኘሁ እናቴ ምን ትሁን? መጠጥ ታዙር?

ደምሰው፦ ለጊዜው ቤቷ ትቆይ። ከሠርጉ በኋላ ቀስ ብለን እናስተዋውቃታለን።

ሲራኑሽ፦ ከሠርጉ በኋላ? እናቴ ልጇ ስትዳር አታይም ማለት ነው?

ደምሰው፦ ሁሉንም በአንዴ አታምጪብኝ።

ሲራኑሽ፦ እናቴ ለሐሙስ ወንበር ከጎረቤት ለምናለች። ግድግዳውን ኖራ ቀብታለች። ሽማግሌዎቹን እንዴት ብላ እንደምትቀበል አማርኛውን በቃሏ እያጠናች ነው። "አረፍ በሉ" ለማለት ምላሷ አልታዘዝ ብሏት ትናንት ስንስቅ ነው ያመሸነው። ለሐሙስ የምለብሰውን ቀሚስም እሷ ናት የተኮሰችው።

ደምሰው፦ አላወቅኩም ነበር።

ሲራኑሽ፦ አልጠየቅክም። ደምሰው፣ ቤተሰቦችህ ስለ እናቴ ምንድን ነው የሚያውቁት?

ደምሰው፦ አባቴን ታውቂያቸዋለሽ። "ዘሯ ማን ነው? አባቷ ማን ነው?" እያሉ ከርመዋል። አባትሽ ነጋዴ ነበር አልኳቸው።

ሲራኑሽ፦ አባቴ ጫማ ሰፊ ነበር። እሱስ ሞቷል፣ አይከፋውም። እኔ የጠየቅኩህ ስለ እናቴ ነው።

ደምሰው፦ እንደሌለች ነው የሚያውቁት።

ሲራኑሽ፦ የለችም ማለት፣ እዚህ አገር የለችም ማለት ነው?

ደምሰው፦ አርፋለች ብያቸዋለሁ።

ሲራኑሽ፦ በምን ገደልካት?

ደምሰው፦ እንደዚህ አትበዪ።

ሲራኑሽ፦ ሰው ሞተ ሲባል በምን ሞተ መባሉ አይቀርም። ምን ብለህ መለስክ?

ደምሰው፦ በሳንባ በሽታ።

ሲራኑሽ፦ የት ቀበርካት?

ደምሰው፦ እዚያው ባሕር ማዶ። አንቺ ሕፃን ሆነሽ። ሲራኑሽ፣ ሌላ መላ ቢኖረኝ ይሄን እል ነበር? እናቴ ያንን ስትሰማ አለቀሰች። "እናት የሌላት ልጅ ከሆነችማ እኔ እናት እሆናታለሁ" ብላ አባቴ እግር ላይ ወደቀች። ፊታውራሪ እሺ ያሉት በእሷ እንባ ነው። ዘመዶቼ የመረጡልኝን ልጅ ትቼ አንቺን ብዬ የቆምኩት ሰውዬ እኔ ነኝ፤ እሱን ደግሞ አትርሺ።

ሲራኑሽ፦ መቼ ነው ይሄንን ያልከው?

ደምሰው፦ ምን ለውጥ አለው?

ሲራኑሽ፦ መቼ?

ደምሰው፦ ጾም ሊገባ ሲል።

ሲራኑሽ፦ እና በፋሲካ እኛ ቤት መጣህ። ከገደልካት በኋላ ማለት ነው። እጇን ሳምካት። "እንኳን አደረሰዎ እማማ ዛሩሂ" አልካት። የሠራችልህን በልተህ ሳህኑን በዳቦ ጠረግከው፤ እሷም ደስ ብሏት ደገመችልህ። እንዴት ወረደልህ?

ደምሰው፦ እናትሽን እወዳታለሁ። እውነቴን ነው።

ሲራኑሽ፦ እጅህን ከትከሻዬ ላይ አንሳ። ቀፈፈኝ።

ደምሰው፦ ሰው እያየን ነው።

ሲራኑሽ፦ ይየን። ጨለማ ውስጥ ስትስቅ የቀፈፈኝ ለምን እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። አንተ ፊልም አልነበረም የምታየው፤ ሐሙስን ነው የምታየው።

ደምሰው፦ አንቺን ላለማጣት ነው እኮ። አባቴ እውነቱን ቢሰሙ ከቤት ያባርሩኛል። ባዶ እጄን ብመጣ ምን አደርግልሻለሁ?

ሲራኑሽ፦ ባዶ እጅህን ብትመጣ እናቴ ወንበር ትስብልህ ነበር። እኔም እሺ እልህ ነበር፤ አንድም ቀን አላስብበትም ነበር። አንተ የምታገባት ሌላ ልጅ ናት። እናት የላትም፣ አክስቷ ባለ ቪላ ናት። እሷን እኔ አላውቃትም።

ደምሰው፦ እንደዚህ ብለሽ አትጨርሺው። እለምንሻለሁ።

ሲራኑሽ፦ ሐሙስ ማንም እንዳይመጣ። ማዳም ሳሎንም እንዳይመጣ፣ እኛ ቤትም እንዳይመጣ። ለእናቴ እኔ እነግራታለሁ።

ደምሰው፦ ምን ብለሽ?

ሲራኑሽ፦ ለእናቴ ዋሽቼ አላውቅም።

ደምሰው፦ እሺ። ሽማግሌዎቹን አስቀራለሁ። አንቺም ንዴትሽ ሲበርድ እንነጋገራለን። ግን ለነገ ብቻ እርጂኝ። የማዳምን ነገር ያጣደፍኩሽ ለሱ ነው።

ሲራኑሽ፦ ነገ ደግሞ ምን አለ?

ደምሰው፦ እናቴ ናት። "ልጅቷን ሳላጽናና ሽማግሌ መላክ ነውር ነው" ብላ ነገ ረፋዱ ላይ ለቅሶ ልትደርስሽ ትመጣለች። ስንት ዓመት ሆኖታል ብላት አልሰማችኝም። አንድ ቀን ቤትሽ ድረስ የሸኘሽ አሽከራችን ነው የሚመራት። አንቺ ማዳም ጋ ከገባሽ "ቤት ቀይራለች" ብዬ ወደዚያ አመጣታለሁ። እናትሽ ደግሞ ነገ ለጥቂት ሰዓት ዞር ብትልልኝ...

ሲራኑሽ፦ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነው የሚመጡት?

ደምሰው፦ አዎ። የለቅሶ ወግ ታውቂ የለ።

ሲራኑሽ፦ ይምጡ። በሩን እናቴ ትከፍትላቸዋለች።