የመልአኩ እጅ ያረፈበት ቀሚስ

(ደሴ፣ አንድ ጋራዥ። መካኒኩ ላቀው ነጭ ሚኒባስ ሥር ተጋድሟል፤ በሳምንቱ ልጁን የሚድረው ጎረቤቱ እንግዳሸት አንድ ፌስታል በብብቱ ሸጉጦ አጠገቡ ቆሟል።)

እንግዳሸት፦ አይሆንም! ደሴ ከተቆረቆረች ጀምሮ እንዲህ ያለ ጉድ አልተሰማም! እግዜር የለም የሚል ሰው ሙሽራ ሊመርቅ?

ላቀው፦ አሥራ አራት ቁጥሩን ቁልፍ አቀብለኝ፤ እግርህ ሥር ነው።

እንግዳሸት፦ እንካ! ደግሞ በዚህች ባለ አራት ጣት እጅህ! ለመሆኑ በማን ስም ልትመርቃት ነው? በካምቢዮው? በባትሪው?

ላቀው፦ እኔ መች ልመርቅ አልኩ? ልጅህ ማስተዋል ናት መጥታ የለመነችኝ።

እንግዳሸት፦ እሱ እኮ ነው አንጀቴን ያሳረረው! አባት እያላት! እኔ እያለሁ! እኔ ስመርቅ እኮ ዛፉ ሁሉ አሜን ይላል። ባለፈው የእድሩን ስብሰባ መርቄ ብዘጋ እስከ ሐይቅ ከተማ ድረስ ዘነበ።

ላቀው፦ እኛ ሰፈር ግን ጠብ አላለም።

እንግዳሸት፦ እኛ ሰፈር አንተ ስላለህ ነዋ!

ላቀው፦ ይሁንልህ። አልመርቅም።

እንግዳሸት፦ ምን አልክ?

ላቀው፦ አልመርቅም። አንተ መርቃት፤ ልጅህ ናት።

እንግዳሸት፦ እንዲህ በቀላሉ? ትንሽ እንኳ አትከራከረኝም? መንገዱን ሙሉ መልስ ሳዘጋጅ ነው እኮ የመጣሁት! አየህ፣ ይሄ ነው የሚያቃጥለኝ። ተሸንፈህ እንኳ ደግ ነህ!

ላቀው፦ ታዲያ ምን ላድርግህ? ልስደብህ?

እንግዳሸት፦ ስደበኝ! አንድ ቀን እንኳ ሰው በድለህ አሳየኝና ልረፍ። እኔ ሁዳዴን ስጾም ቄሶቹ ራሳቸው «ኧረ እንግዳሸት፣ ለሰውነትህ እዘንለት» እያሉ ይለምኑኛል። ስሰግድ ግንባሬ የሚያርፍበት ድንጋይ ሰርጉዷል፤ ሄደህ እየው! ታዲያ ሰፈሩ ሲጨንቀው የማንን በር ያንኳኳል? ያንተን!

ላቀው፦ የኔ በር መንገድ ዳር ስለሆነ ነው።

እንግዳሸት፦ ማስተዋል እንኳ፣ የገዛ ልጄ፣ ስለኔ ስትጠየቅ «አባዬ ይጸልያል» ነው የምትለው። ስላንተስ ምን እንደምትል ታውቃለህ? «ጋሼ ላቀው ይመጣል።»

ላቀው፦ ጸሎትህንም ትወደዋለች።

እንግዳሸት፦ አታባብለኝ! ዋናው ማመን ነው፣ አለቀ። ደግነት ያለ እምነት ሞተር የሌለው መኪና ማለት ነው።

ላቀው፦ እምነት ያለ ደግነትስ?

እንግዳሸት፦ እሱ… እሱ ሞተር አለው፤ ጎማ ነው የጎደለው።

ላቀው፦ ሁለቱም ተጎትተው እኔ ጋ ነው የሚመጡት።

እንግዳሸት፦ አትቀልድ! ሰማይ ቤት የሚጠብቅህ ነገር ከሌለ ለምንድነው ደግ የምትሆነው? ማን ያየኛል ብለህ?

ላቀው፦ ማንም። ሰውየው ቸግሮታል፤ በቃ።

እንግዳሸት፦ «በቃ» ይለኛል እኮ! እንግዲያው ማስረጃዬን ላውጣዋ። እያት!

ላቀው፦ ከዚህ ሥር የጫማህ አፍንጫ ብቻ ነው የሚታየኝ። ምንድናት?

እንግዳሸት፦ ቀሚሷ ናታ! ማስተዋል የአምስት ዓመት ልጅ ሆና፣ አንተ ገና ወደ ሰፈራችን ሳትመጣ፣ በጥምቀት ዕለት የለበሰቻት።

ላቀው፦ እ፣ እሷ። ቤትህ መጥቶ ሳያያት የሄደ እንግዳ መች አለ?

እንግዳሸት፦ ሺህ ጊዜ ትታያለች! ያን ዕለት ታቦቱ ፊት ምንጣፍ የማነጥፈው እኔ ነበርኩ። ጎረምሳ ተሰብስቦ የማያነሳውን ምንጣፍ፣ ጫፉን ብቻዬን!

ላቀው፦ ልጅቷንስ በየትኛው እጅህ ይዘሃት ነበር?

እንግዳሸት፦ ምንጣፍ የሚያዘው በሁለት እጅ ነው! ብቻ ዘወር ስል የለችም። ሕዝቡ እንደ ባሕር ነው። እኔ ግን ቅንጣት አልደነገጥኩም…

ላቀው፦ አልቅሰሃል።

እንግዳሸት፦ በእምነት ነው ያለቀስኩት! ጀምበር ስታዘቀዝቅ የታቦቱ ድንኳን ደጃፍ ላይ ሸንኮራ እየመጠጠች አገኘኋት። ማን አመጣሽ ብላት «ትልቅ ሰውዬ» ብላ ዝም። ዞር ባደርጋት ቀሚሷ ጀርባ ላይ ይሄ እጅ ታትሟል! የጠቆረው፣ መልአክ እሳት ስለሆነ ነው፤ ጨርቁን ለብልቦት። ጣቶቹን ደግሞ ቁጠራቸው፣ አራት ናቸው፤ አራቱ ወንጌላት! ይሄን ሳስረዳ ሊቁ ሁሉ አፉን ይዞ ይቀራል።

ላቀው፦ በል አርቃት፣ ልወጣ ነው። እጄ በግሪስ ተጨማልቋል።

እንግዳሸት፦ ይሄን የመሰለ ተአምር እያየህ እንዴት አታምንም? ድንጋይ እንኳ… ኧረ ተው! የሰውን ነጭ በር ተደግፈህ አበላሸኸው እኮ!

ላቀው፦ ወገቤ ነው፣ ካልተደገፍኩ አልነሳም። ግድ የለም፣ በቤንዚን ይለቃል።

እንግዳሸት፦ ቆይ! ይሄ በሩ ላይ የታተመው እጅ…

ላቀው፦ እንግዳሸት? ምን ሆንክ?

እንግዳሸት፦ ያቺ የቀለበት ጣትህ… መቼ ነው የተቆረጠችው?

ላቀው፦ ወደናንተ ሰፈር ከመምጣቴ በፊት። ሞተር በላት።

እንግዳሸት፦ በሩ ላይ ያለው… ቀሚሷ ላይ ያለው ደግሞ… እዚህ ጋ ክፍተቱ… አውራ ጣቱ ሳይቀር…

ላቀው፦ ቀሚሷን አታስጠጋት፣ ሌላ መልአክ እንዳይነካት።

እንግዳሸት፦ አንተ ነህ?

ላቀው፦ መንገድ ላይ የቆመ አይሱዙ ልሠራ ሄጄ ነበር። ሰው እግር መሃል ወድቃ ስታለቅስ አገኘኋትና በዚሁ የግሪስ እጄ ጀርባዋን ደግፌ ድንኳኑ ደጃፍ አደረስኳት። መጥተህ እስክታቅፋት ድረስ ባሕር ዛፉ ሥር ቆሜ ነበር።

እንግዳሸት፦ እና ይሄን ሁሉ ዘመን! እኔ ለእንግዳ ሁሉ ስተርክ አንተ ከጎኔ ቁጭ ብለህ ጠላህን ትጠጣለህ?

ላቀው፦ ደስ ይለኝ ነበር። በዚህ ከተማ መልአክ ብሎ የጠራኝ ካንተ በቀር ማን አለ?

እንግዳሸት፦ ማስተዋልስ? ታውቃለች?

ላቀው፦ እኔ አልነገርኳትም። ባለፈው መጥታ «ጋሼ፣ እስቲ መዳፍዎን ያሳዩኝ» አለችኝ። አየችው። ግሪሱን ሳትጸየፍ ሳመችውና «እርስዎ ነዎት የሚመርቁኝ» ብላኝ ሄደች።

እንግዳሸት፦ ለኔ ትንፍሽ አላለችም።

ላቀው፦ ተአምርህን ልትነጥቅህ አልፈለገችማ። አሁን ሂድ፤ አልመርቅም ብዬሃለሁ፣ ቃሌ ነው። ለምን ቀሩ ብትለኝ ግን አልዋሻትም፤ አባትሽ ነው የከለከለኝ እላታለሁ።

እንግዳሸት፦ ቆይ፣ ቆይ። ሰው ሲመርቅ እጁን ያነሳል አይደል? መዳፉን ዘርግቶ?

ላቀው፦ ያነሳል።

እንግዳሸት፦ ድንኳኑን የሚሞላው ሰው ደግሞ ሁሉም ቀሚሷን አይቷል።

ላቀው፦ አንተው ነህ ያሳየኸው።

እንግዳሸት፦ እሺ… መርቃት ላቀው። አሜን ሲባል ግን ከኔ በላይ የሚጮኽ እንዳይኖር! ደግሞ በሞቴ፣ ያን ቀን ጓንት አድርግልኝ።