ባዶ የተውሁት ክረምት
በደርግ ጊዜ ነው፤ ፍኖተ ሰላም ሹሩባ እየሠራሁ አድራለሁ። የግብር ሒሳቤን የሚሠራልኝ ጸሐፊ ዋጋ ቢጨምርብኝ፣ በመሠረተ ትምህርት በለየኋት ፊደል ራሴው ጽፌ ግብር ቢሮ ሄድሁ። ሠራተኛው ደብተሬን ገልጦ ተቆጣ። «ክረምቱን ሙሉ ምንም አላገኘሁም ነው የምትይው? እጅሽን አጣጥፈሽ ከረምሽ?»

«ኧረ ስሠራ ነው የከረምሁት ጌታዬ» አልሁት። «የልጅ መርዶ ከጦር ሜዳ የመጣባቸውን እናቶች ጠጉር ስላጭ። ከሐዘንተኛ እንዴት ተብሎ ገንዘብ ይወሰዳል?»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የወንድሜ መርዶ የተነገረ ጊዜ ፈቃድ ከልክለውኝ ለለቅሶው መራዊ አልደረስሁም» አለኝ። «እናቴን ማን ላጭቷት ይሆን?»